ብረት አስዋቢው

የሰፈሩ ሰው «ቀስተ ደመና» የሚለው ሊያሞግሰው ነው ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ቀስተ ደመና። ሚስቱ ግን ነገሩ ገብቷታል። ቀስተ ደመና ያምራል፣ ሰውም አንጋጦ ያየዋል፤ ልያዝህ ብሎ እጁን ለሰደደ ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። ሰፈሩ ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው፣ ምርቃት አስመስሎ ይሰድባል።

ሥራው የጠመንጃ ብረት ማጠንከርና ማስዋብ ነበር። አፈሙዙና ሰደፉ የሚገናኙበትን ወገብ፣ ምላጩንና ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች ይፈታል። ሚስቱ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት ፊቷን እስኪያሳዩአት ድረስ ታለሰልሳቸዋለች። ከዚያ እሱ ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር ብረት ሣጥን ውስጥ ይጠቀጥቃቸውና ክዳኑን በጭቃ መርጎ እቶን ውስጥ ይከታል። ሣጥኑ ፍም መስሎ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ ውስጥ ይገለበጣል። ያ ነጭ ብረት ታዲያ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና የገለባ ቀለም ተደባልቆበት ከውሃው ይወጣል፤ አንዴ የመጣ መልክም ተመልሶ አይመጣም።

ቀለሙ ግን ምርቃት ነው። ዋናው ጉዳይ ከሰሉ በረጅም እሳት ወደ ብረቱ ቆዳ ገብቶ ማጠንከሩ ነው። የሚስቱ አባት፣ የሱቁ የመጀመሪያ ባለቤት፣ ይህን ሲናገሩ ኖረው ይህን ሲናገሩ ሞቱ። ቆዳው ያልጠነከረ እንደሆነ ከምላጩ በላይ ያለው ጥርስ ቶሎ ይበላል፤ ጥርሱ የተበላ ጠመንጃ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። ስለዚህ ሽማግሌው ሰደፉ በሚሸፍነው ስውር ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ሞረድ ሳይስቡ ምንም ዕቃ ከሱቁ አያስወጡም ነበር። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰ ሁሉም ተመልሶ እሳት ይገባል።

ቀስተ ደመና እዚህ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ገባ፣ አማች ሆኖ ቀረ። ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። ሽማግሌው ሳቁለት፣ ልጃቸውም ሳቀችለት፣ እንደሳቀችም ተዳረች። ሳቁ ከሠርጉ በኋላ ብዙም አልቆየ።

አማቱ ከተቀበሩ በኋላ አጅሬ አንድ ነገር ደረሰበት። ሣጥኑ ከእሳቱ ቶሎ ከወጣ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል፣ ቀጭኑ ብረትም አይጣመምም። እርግጥ አይጠነክርም። ይህች ትንሽ ጉድለት እንቅልፍ አልነሳችውም። ደንበኞቹ ጠመንጃን እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የሚሰቅሉ ባለጊዜዎች ሆኑ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ደግሞ ላዩን ላዩን ነው፣ ውስጡን ለቄስ። ሞረዱንም ጌጥ ይጭራል ብሎ ከሱቁ ፊት አስነሳው፤ ሚስቱ ከኋላ ከሥራ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

አንድ ቀን አንድ አዳኝ ጥርሱ የተበላ ጠመንጃ መልሶ አመጣ። ቀስተ ደመና ዓይኑን በጨው አጥቦ የተጠቀምክበት ቅባት ነው ያበላሸው አለው፤ ሰውዬውም ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀው ሰውዬው ነው። ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትሰማ አንጀቷ አረረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሏን ስታየው ዓይኗ ውስጥ ያለው ነገር ንቀት ብቻ ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም። «እናቴ ትሙት» እያለ ሲምል፣ ገጠር በሙሉ ጤንነት ላይ የሚገኙት ምስኪን አማቷ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሞቱ ታስብና ከንፈሯን ትመጥላቸዋለች።

ታናሽ ወንድሟ የደን ጠባቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚዞረው የአባታቸውን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አንግቶ ነው። ምላጩ እየላላ ስላስቸገረው አምጥቶ ለአማቹ ሰጠ። ሴትዮዋ ያን ቀን ባሏን ከግድግዳ አስጠግታ ይህ የሳሎን ጌጥ እንዳልሆነ፣ የአንድ ወንድሟ ጆሮ ሥር የሚውል እንደሆነ፣ ሙሉ እሳት ካልሰጠው ዓይኑን እንደማታይ ነገረችው። ማለ። አማቷ አንድ ጊዜ ደግመው ሞቱ።

ሣጥኑ እሳት በገባበት ሰሞን አክስቷ ታመው ልታስታምም ሄደች። ስትመለስ ሱቁ በሰው ተሞልቶ አገኘችው። ቀስተ ደመና የድሮ ደንበኞቹን ጠርቷል፤ ወንድሟም ጠመንጃውን ሊወስድ መጥቶ መሐል ላይ ቆሟል። ጠመንጃው ተገጣጥሞ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። አየችው። ከአፈሙዙ ሥር የተነሣ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ እየጠለቀ ወገቡን ሁሉ ዞሮታል፤ ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ያለ መልክ አላየችም። ረጅም እሳት እንዲህ አያደምቅም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ አለች በሆዷ።

ባሏን ጎትታ በጆሮው ጠየቀችው። ሙሉ እሳት ነው፣ ቅንድቤ እስኪለበለብ አጠገቡ ዋልኩ፣ ቀለሙ እንዳይጠፋ ብዬ ውሃውን ሳማስል ክንዴ ዛለ፣ እናቴ ትሙት አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሱም ወደ እንግዶቹ ተመልሶ ስለ እሳትና ስለ ውሃ ሰበካውን ቀጠለ። ወንድሟ በአውራ ጣቱ ወገቡን እየዳበሰ «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ» ሲል ደሟ ፈላ። ያ ቂል በቀለሙ ተደልሎ ሞቱን ሊያነግት ነው።

ሞረዷን ከመሳቢያ አውጥታ ወደ ፊት ወጣች።

«እስቲ ስጠኝ» አለችው ወንድሟን።

«ምን ልታደርጊው ነው እትዬ?»

«ነፍስህን ላተርፍልህ።»

መፍቻው ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ ሥር ነበር። ሰደፉን ፈትታ አባቷ በሚሞርዱበት ስውር ቦታ ላይ መሞከር ትችል ነበር፤ ማንም ጉዱን አያይም። እሷ ግን ሰው ሁሉ እንዲያይ ፈልጋለች። ሞረዱን ሰማያዊው ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አሳረፈችና ባላት ኃይል ሳበችው።

ሞረዱ ሲጢጥ ብሎ ተንሸራተተ። አላመነችም፤ ደግማ ሳበች። አሁንም ተንሸራተተ። ድምፁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ አባቷ ሲሰሙት «አበቃ፣ ጠቅልሉት» የሚሉበት ድምፅ ነው። ብረቱ አልተነካም። ቀለሙ ግን ተገፎ፣ ሰማያዊው ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር ተጋድሟል።

እንግዶቹ ያዩት አንዲት እብድ ሴት ጌጥ ስትጭር ነው። ወንድሟ ሊያለቅስ የደረሰ መሰለ። የሆነው ነገር የገባቸው ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ያ አፈኛ ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ አልማለም። ጠመንጃውን ከእጇ ተቀበለ፣ በእጅጌው ጠረገ፣ ለወንድሟ ሰጠው።

«ጠንክሯል። ሳትፈራ ያዘው።»

ከዚያ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ከሰደፉ ሥር መሞረድ ይቻል ነበር» አላት።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ወንድሟ ተርፏል። ደስታውን ሆዷ ውስጥ ብትፈልገው ያገኘችው ንዴት ነው። ሞረዱ ቢነክስ ኖሮ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ያ ብረት ልል እንዲሆን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልል እንዲሆን፣ ከልቧ ስትመኝ ነበር፤ የወንድሟ ነፍስ እላዩ ላይ እያለ።

ወንድሟ ቻው እንኳ ሳይላት ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ስትንቀው የኖረችው ሰው በር ላይ ቆሞ እንግዶቹን ሲሸኝ፣ እሷ ሞረዱን እንደያዘች ለወንድሟ መትረፍ ደስ ሊላት ትታገል ነበር።