በማስተንፈሻው ላይ የተሠሩ ቤቶች

ኢብሮን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቅበታል፤ ሰው ሲበዛ ደስ ይለዋል። ሰርግ ላይ ዳሱ ጠቦ ሰው ደጅ ሲቆም፣ ቆቦ ገበያ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ ፊቱ ይፈካል። ሌላው «ኧረ ታፈንን!» ሲል እሱ «ማሻ አላህ፣ ሞላን!» ይላል። አንዳንዴ ያናድዳል። ግን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው ሊቆጣው አንጀቱ እሺ አይለውም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ልጅ ነበር። ጎሊና ወንዝ ዳር ያለው መንደራቸው ግማሹ ሞቶ ግማሹ ተሰዶ ኦና ሆነ። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ተመለሰና ጎርፉ ከደጋው እያጓራ ወረደ። የራያ ቆላ ገበሬ የሚኖረው በዚያ ጎርፍ ነው። ደጋ የዘነበውን ውሃ በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾህ ቅርንጫፍ አግዶ፣ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ያን ቀን ኢብሮና አባቱ ብቻቸውን ወንዙ ውስጥ ቆሙ። አባትየው አንድ ቅርንጫፍ ሲተክል ጎርፉ ሁለት ይነቅላል። በመጨረሻ ዳር ወጥቶ ተቀመጠና፣ ውሃው ያን ሁሉ ደለል ተሸክሞ ወደ አፋር በረሃ ሲነጉድ እያየ አለቀሰ።

«ውሃ አጥተን አልነበረም እኮ» ይላል ኢብሮ ይህን ሲያወራ። «ሰው አጥተን ነው።»

ካደገ በኋላ አገሬው አባ ሀጋ አድርጎ መረጠው። አባ ሀጋ ግድቡን የሚያሠራ፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ ጎርፍ በመጣ ሰዓት ከቀበሌው ሊቀመንበር ይልቅ የሚሰማው እሱ ነው። ኢብሮም ሹመቱን ለሁለት ሥራ አዋለው፤ ውሃ ለማከፋፈልና ሰውን ውለዱ ለማለት። ራሱ ከሚስቱ ከዘሊካ ሰባት ወለደ። ሙሽራ ሲመርቅ «ውለዱ ክበዱ» ብሎ አይበቃውም፤ ሙሽሪት አፍራ አንገቷን እስክትደፋ ድረስ ይደጋግመዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሔራን በዚህ ነገር ከሱ ጋር ያልተጨቃጨቀችበት ሳምንት አልነበረም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላታል።

«ልጁስ በዕድሉ ይደግ፣ ጋሽ ኢብሮ፤ መሬቱ በማን ዕድል ይደግልዎ?»

«አንቺ ልጅ! መጀመሪያ አግቢና ውለጅ፣ ከዚያ ትመክሪናለሽ!»

የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ሳትወድ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለብዙ ዓመት ልክ የነበረው እሱ ነው። በፊት ወር ይፈጅ የነበረው ግድብ ወጣቱ ሲረባረብበት በሳምንት ያልቅ ጀመር። ወፍጮውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መብራቱም የመጣው መንደሩ ሰው ስለሞላው ነው፤ ለባዶ ሜዳ ማን ምሰሶ ይተክላል? ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን የሚክድ ካለ ግድብ ሠርቶ አያውቅም።

ችግሩ ሎሚው አለመጨመሩ ነበር። የአባት መሬት ለልጆች ተቆረሰ፤ የልጆቹ ድርሻ ለነሱ ልጆች ተቆረሰ። የኢብሮ ልጅ ፈሪሀ ጀሚልን ስታገባ፣ ጀሚል ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ የደረሰው መሬት በሬ ማዞሪያ እንኳ የለውም። ጎጆ መቀለሻ ቦታ ጠፋ። ፈሪሀ አርግዛ፣ በእናቷ ማድቤት ጥግ ላይ እየተኛች ሆዷ ገፋ።

ከግድቡ ጎን ማስተንፈሻ የሚሉት አንድ ሰፊ ደረቅ ቦይ አለ። ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ የግድቡ ጥግ ይቆረጥና ውሃው በዚያ በኩል ይለቀቃል። እዚያ ላይ ቤት አይሠራም፣ እህል አይዘራም፣ ከብት እንኳ አይታሰርም። ይህን የሚጠብቀው አባ ሀጋው ነው። ግን ግድቡ በዚያ ሁሉ እጅ እየተሠራ ስለጠነከረ ማስተንፈሻው ከተቆረጠ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ኢብሮ የልጁን ሆድ አየ፣ ደረቁን ቦይ አየ፤ ከዚያ ጀሚልን ጠርቶ «ለጊዜው እዚህ ሥሩ» አለው።

ለልጁ የፈቀደ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በምን አፉ ይከለክላል? አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አሥር ሆነ። ቆርቆሮው በዛ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ሻይ ቤት ተከፈተ። ኢብሮም እዚያ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ «አያችሁ፣ ሰው ከበዛ ደረቅ ቦይ እንኳ ይለማል!» እያለ ይኩራራ ነበር። «ለጊዜው» መባሉን ሰው ሁሉ ረሳው፤ እሱም ረሳው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ደጋው ጠቆረና ጎርፉ መጣ። አገሬው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ኢብሮ ግድቡ ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ጎበዝ ሲያይ ልቡ ሞቀ። ውሃው ግን አልቆም አለ። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እያመጣ ግድቡን ይመታው ጀመር። ከእግሩ ሥር አሸዋው ሲንሸራተት ተሰማው። ግድቡ በራሱ ከፈረሰ ከታች ያለውን ዋናውን መንደር ከነማሽላው ጠርጎ እንደሚሄድ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ጀሚል ዶማውን ይዞ በሚቆረጠው የግድቡ ጥግ ላይ ደርሷል። በደንቡ አባ ሀጋው ከመፍቀዱ በፊት ወደ ማስተንፈሻው ዞሮ ይጣራል። ኢብሮም እንደ ልማዱ ዞረና አፉን ከፈተ። «ከብት አለ ወይ? ሰው አለ ወ—»

ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው። ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት በሯ ላይ ቆማ፣ ግድቡ ላይ የሚሆነውን እንደ ጨዋታ ታያለች። ኢብሮ በየቀኑ የሚያልፍበትን ቦታ ገና ዛሬ ያየው መሰለው። እስከ ዛሬ ያየው እንደ አባት፣ እንደ አያት፣ እንደ ሻይ ጠጪ ነበር፤ እንደ አባ ሀጋ አንድ ቀን እንኳ አላየውም። «ያ ረቢ» አለ፣ «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። እኔው ነኝ!»

«አባ ሀጋ፣ ልቁረጥ ወይ?» አለ ጀሚል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውስጥ ሰው አለ! መጀመሪያ ሰው አውጡ!»

ያ ሁሉ ጎበዝ ዶማውን ጥሎ ወረደ። አሮጊት በጀርባ ወጣች፣ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ ፍየል በቀንዷ ተጎተተች። ያን ያህል እጅ ባይኖር ብዙ ሰው ያልቅ ነበር። ያን ያህል ሰው ባይኖር ደግሞ መጀመሪያውኑ እዚያ ገብቶ የሚወጣ አይኖርም ነበር። ሁለቱም ሐሳብ ኢብሮ ራስ ውስጥ ተጋጨ፤ ራሱን ይዞ ቆመ። ፈሪሀ ልጇን ታቅፋ ወደ ዳገቱ ስትወጣ ሲያይ «ቁረጥ!» አለ። ድምፁ የሱ አልመስልህ አለው።

ጀሚል የገዛ ቤቱን እያየ ዶማውን ሰነዘረ። ውሃው ቀዳዳውን እንዳገኘ እንደ ተፈታ በሬ ወረደ። የፈሪሀ ቤት ትንሽ ዘንበል አለ፤ ከዚያ የለም።

በነጋታው ጎሊና ተመልሶ ቀጭን ጅረት ሆኗል። ሰፈሩ በነበረበት ላይ የተረፈው ለስላሳ ጥቁር ደለል ብቻ ነው። ዋናው መንደር ተርፏል፣ ሰውም አልሞተም፤ የመጣው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ቤት ያጡት ግን ዳገቱ ላይ ተኮልኩለው ኢብሮን ያዩታል፤ ከእንግዲህ የት እንደሚገቡ እሱ የሚነግራቸው ይመስል። ኢብሮ ሜዳውን በዓይኑ ዞረ፤ ባለቤት የሌለው አንድ ስንዝር አላገኘም። አፈረ፣ ፈራም።

ፈሪሀ ልጇን አዝላ ከእናቷ ጋር ጭቃውን እየጫረች ዕቃ ትፈልጋለች። ድንገት የኢብሮ የመጨረሻ ልጅ ኑሀ ገመድና ችካል ይዞ ብቅ አለ። ኑሀ ካጨ ቆይቷል፤ መሬት ስለሌለው ሰርጉ እየተገፋ ነው። ኢብሮ እህቱን ሊረዳ የመጣ መስሎት «ና፣ በዚህ በኩል ግባ» አለው። ኑሀ ግን ወደነሱ አልመጣም። እርምጃ ለካና ችካሉን ደለሉ ውስጥ መታ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ኢብሮ።

«ጎርፉ እንደሆነ ሄዷል፣ አባ። እንግዲህ ለስንት ዓመት አይመጣም። ሌሎቹ ሳይቀድሙኝ ልያዝ ብዬ ነው።»

ኢብሮ ወደ ዳር ዞሮ አየ። ሌሎች ጎረምሶች ለችካል የሚሆን እንጨት እየቆረጡ ነው።

ፈሪሀ ከጭቃው ቀና አለች። «የኔ ቤት የነበረበት እኮ ነው፣ ኑሀ።»

«አውቃለሁ» አለ ኑሀ፣ ሳያያት። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ወደ አባቱ ዘረጋ። «እስቲ ይህን ያዝልኝ፣ አባ።»