ገመድ የሚይዝልኝ ሰው

ውሃው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የሚያመኝ ግንባሬ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ውሃ ፀሐይ የነካው አይመስልም። ጥርሴ ስለሚንገጫገጭ በአፌ የያዝኩት የአየር ቱቦ ሊያመልጠኝ ይደርሳል፤ ጣቶቼም አይታዘዙኝም። ትንሽ ከታገስኩት ግን ሕመሙ ያልፍና ጸጥታ ይሆናል። እሷን ጸጥታ ፍለጋ ነው ይሄን ሁሉ መከራ የማየው።

መጥለቅ የተማርኩት ግድብ ሥራ ላይ ነው። ከውሃ በታች ያለውን በርና ፍርግርግ እፈትሽ ነበር። ኩባንያው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አሮጌ የአየር ሲሊንደር፣ ጉልበቱ የተቀደደ የላስቲክ ልብስና አየር የሚሞላ ትንሽ ሞተር ሰጠኝ። ዕቃዬን ይዤ ቢቸና መጣሁና ቢሮ ተቀጠርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት አገላብጣለሁ። ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ወዲህ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ያገኘኝ ሁሉ ሰላምታ እየመሰለው "መቼ ነው የምታገባው?" ይለኛል። ውሃ ውስጥ ይሄ ጥያቄ የለም። ሰውነቴ አይከብደኝም፤ የምሰማው የገዛ ትንፋሼን ነው፤ ትንንሽ ዓሦች እየመጡ መነጽሬን ያዩታል። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚለኝ ሌላ ቦታ የለኝም።

ታዲያ ብቻን ሆኖ መጥለቅ ሞትን መጥራት ነው። ጠላቂው ወገብ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ጫፉን ዳር ያለ ሰው ይይዛል። እሱ አንዴ ከሳበ "ደህና ነህ?" ማለቱ ነው፤ ጠላቂውም አንዴ ስቦ ይመልሳል። ጠላቂው ደጋግሞ ከሳበ "አውጣኝ" ማለቱ ነው። ብርድ እጅና እግር ሲያስር ከዚያ ገመድ ሌላ ዋስ የለም። እኔ ደግሞ ከቢቸና እስከ ሞጣ ገመድ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ጎረቤቴ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ብሎ ሳቀብኝ። የቢሮ ባልደረባዬ ወርቅ ያገኘሁ መስሎት "ድርሻዬስ?" አለኝ። ምንም የለም ብል ማን ያምነኛል? በመጨረሻ አንድ የቀን ሠራተኛ እሺ ብሎ ሞጣ አጠገብ ወዳለው ገደል ሥር፣ ወደምጠልቅበት ኩሬ አብሮኝ ወረደ። የምተነፍሰው አየር ከሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ግን ጋኔን ነው ብሎ ሮጠ። ስወጣ ዳሩ ላይ ሰው የለም፤ ገመዱ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። በጣም ፈራሁ።

አባቴ ሞጣ የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸውም ተማሪያቸውም ስለነበርኩ "የኔታ" እንጂ "አባባ" ብያቸው አላውቅም። ቅኔውን ትቼ አስኳላ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ብዙም አናወራም። እናቴ ካረፈችና እሳቸውም የቅኔ ጉባኤያቸውን ለቀድሞ ተማሪያቸው ካስረከቡ በኋላ ውሏቸው ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን መቀመጥ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ወሬ ሲጠፋኝ የገመዱን ነገር አነሳሁ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" አሉኝ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ደግሞ "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው። እኔ እይዝልሃለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ እያልን አብረን እንወርዳለን። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እገባለሁ። ገመዱን አልፎ አልፎ መሳብ ይበቃል ብያቸው ነበር፤ የኔታ መች ሊሰሙኝ። ይስባሉ፤ እመልሳለሁ። ገና ከመመለሴ ደግመው ይስባሉ። መጀመሪያ አናደዱኝ። እየቆየ ግን ትንሽ ሲዘገዩብኝ ቅር ይለኝ ጀመር፤ አንዳንዴ ራሴ ቀድሜ እስባለሁ። ብርዱ አጥንቴ ገብቶ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሳቡ ብዬ እቆያለሁ። ስወጣ ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱኛል፤ ከዚያ ሳንነጋገር አቀበቱን እንወጣለን።

ዘንድሮ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ እንደገና ወረድን። ጨርሼ ስወጣ ገመዱን በእጃቸው አልያዙትም፤ ጋቢያቸው ሥር ይገባል። ገለጥ ሳደርገው ወገባቸው ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

"የኔታ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እጄ ከዳኝ፤ አልጨብጥ ብሎኛል። ወገቤ ይሻላል ብዬ ነው" አሉ። ለካ ወደ ኋላ ዘንበል እያሉ ነበር የሚስቡት።

"እኔ ብሰምጥ እኮ እርስዎንም ይዤዎት ነው የምገባው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ቋጠሮውን ስፈታ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፤ ብርድ ነው ልበል? እንባዬ መጣብኝ። ደግሜ እንደማልገባ እዚያው ቆረጥኩ። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ እጄን ሞጣ ሄድኩ። የኔታ በትራቸውን ይዘው፣ በሶ ቋጥረው ደጃፍ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።

"ዕቃህስ?"

"ተውኩት። ለእርስዎ ፈርቼ ነው። ከእንግዲህ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጫወታለን" አልኳቸው።

ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የምናገረው ነገር ፈለግሁ፤ ከልቤ ፈለግሁ፤ ምንም አልመጣልኝም። እሳቸውም አንድ ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተዉት። ፀሐዩ ግድግዳውን አልፎ ጥላ ሲሆንብን በሶውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እዚያ እኮ እናወራ ነበር" አሉኝ።