ጋሼ በሰው ስም የጻፉት ዜማ

አጎቴ በመምህርነት አሶሳ የመጡት ክልሉ ገና ሲመሠረት ነው። ለኪነት ቡድኑ ሙዚቃዊ ቲያትር ዜማ ሲደርሱ ኖታ አልጻፉም። ዙምባራ በሚባለው የበርታዎች መለከት እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ፣ ደብተራቸው ላይ የነፊዎቹን ስም በየተራው ደረደሩ፤ ሐሩን፣ ኢድሪስ፣ ሐሩን፣ አልሙባረክ እያሉ። መዝጊያው ላይ የራሳቸውን ስም አንዴ አስገቡ።

ያቺን አንድ ድምፅ ታዲያ ሁሌም ቀድመው ይነፏት ነበር።

«ጋሼ፣ ገና ነው» ይላቸዋል ሐሩን እየሳቀ።

«ዜማው ሲጥመኝ መጠበቅ ያቅተኛል» ይሉታል።

ከዚያ ቲያትር በኋላ ያን የመሰለ ድርሰት ዳግም መድረክ አላየም። ደብተሩ ላይ ስም ብቻ ያዩ ሰዎች ከተማሪ ስም መጥሪያ ጋር መጋዘን ከተውት ኖሯል፤ ሳስበው ያናድደኛል፣ ያስቀኛልም።

ዘንድሮ ለሙት ዓመታቸው ደብተሩን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሐሩንም የቀድሞዎቹን ነፊዎች ሰበሰበ። መዝጊያው ሲቃረብ ሁላችንም ያቺን ችኩል ድምፅ እየጠበቅን ፈገግ አልን። አልመጣችም። ተራቸው ደረሰ፤ ማንም አልነፋላቸውም።

ሐሩን ዙምባራውን ከአፉ አወረደና፣ «ጋሼ ዛሬ ዘገዩ» አለ።