የአላቢው አንገት

ሽማግሌው አላቢ በዚህ ሁሉ ሙቀት ሻርፑን አያወልቅም። የጎማ ቦቲው ምን ቢታጠብ የበረት ሽታ አልለቀቀውም። ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሳያስበው በአንድ እጁ የሌላውን አውራ ጣት ያልባል።

ዛሬ ከእኔ በፊት ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይታየኛል፣ ይሰማኛልም።

ዶክተሯ አንገቱን ዳሰሰችው። "የላም ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው አባባ፤ ካልፈላ ወተት የመጣ። እብጠቱ የሰውነትዎ ወታደሮች ተህዋሲውን ከበው ያጠሩበት ነው። አልገደሉትም፤ እንዳይወጣ ግን ይዘውታል።"

"ሌባውን ጓዳ ቆልፈውበታል በይኛ!" ብሎ ሳቀ።

"ልክ ነዎት። የቀረውን መድኃኒቱ ይጨርሰዋል፤ አይዞዎት።"

ሻርፑን መልሶ ጠመጠመ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል፤ አውራ ጣቱን እንደገና ያልባል።

"የአራት ዓመት ልጅስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ስንት ወታደር ይኖራታል?"

"የልጅ ወታደር ገና ነው፣ አጥሩ ቶሎ ይፈርሳል። ምነው?"

"የወተቱን አረፋ ለልጅ ልጄ ነበር የምሰጣት። ከላሟ ጡት እንደወረደ፣ ትጠንክርልኝ ብዬ።"

"እንግዲያው ነገ ይዘዋት ይምጡ፤ እንመርምራት።"

አውራ ጣቱን ማለቡን ተወ።

"ከየት ላምጣት፣ ልጄ? አርባዋን ካወጣን ሰነበትን" አላት።