አምስት ሰው ያየው ጽሑፍ

ስለ ማስተማር ዘዴ ሥልጠና ወስጄ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የተመለስሁ ሰሞን ከእኔ ጋር ሻይ መጠጣት ምን ያህል ያስመርር እንደነበር ባልደረቦቼ አሁንም ድረስ ያነሡብኛል። «አሳታፊ ትምህርት» የሚል ነገር አፌ ላይ ተጣብቆ ነበር። ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ የሚገለብጥበት ዘመን አብቅቷል፤ ከእንግዲህ የአንዱን ሥራ ሌላው አንብቦ፣ ጉድለቱን ነግሮት፣ ተራርመው ያድጋሉ እላለሁ። ለዚህም በኮምፒውተር የሚሠራ ሲስተም ነበረን። ተማሪው ጽሑፉን ይጭንበታል፤ የቡድኑ ልጆች አንብበው አስተያየት ይጽፉበታል፤ እኔ ደግሞ ቢሮዬ ተቀምጬ ማን ምን እንዳለ አያለሁ።

በዚህ ነገር ልቤ የተማረከው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያደግሁት አራዳ ገበያ፣ በአባቴ ጨርቅ ቤት ውስጥ፣ ሴት ልጁ ሆኜ ነው። አባቴ ደንበኛ የሚያባብል ነጋዴ አልነበረም። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ፣ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት የምታይ ሴት ካየ፣ «ይሄ ቀለሙ ይለቃል፣ ተዪው፤ ደግሞም አያምርብሽም» ይላታል። እናቴ «ይሄ አፍህ አንድ ቀን ሱቁን ያዘጋል» እያለች ስታማርር ኖረች። ሱቁ ግን አልተዘጋም። እኔም እውነት የተነገረው ሰው ለጊዜው ቢቆጣም ተመልሶ ይመጣል ብዬ አምኜ አደግሁ።

የመጀመሪያው ዙር አስተያየት ሲገባ እጄን እያፋተግሁ ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። «በጣም ጥሩ ነው፤ በርታ።» «በጣም ጥሩ ነው፤ በርቺ።» «እንከን አይወጣለትም።» የክፍሉ ተማሪ በሙሉ እንዲህ ነው የጻፈው። አንዱማ ተሳስቶ ሽፋኑን ብቻ ለጫነ ልጅ «ሐሳቡ ጥልቅ ነው» ብሎለታል።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ጮህሁ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና በትሕትና «ቲቸር፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሥራውን «የጓደኛ ግምገማ» ብዬ መጥራቴም ሳይጎዳኝ አልቀረም። ያኔ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ማለት ሰው ጓደኛውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ከእንጀራው የሚያፈናቅልበት ስብሰባ ነበር። ልጆቹ ከዚያ ስብሰባ የሚመለሱ አባቶችና እናቶች ያሳደጓቸው ናቸው። ስሙን ለወጥሁት፤ ምንም አልተለወጠም።

ደንብ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ጉድለት ይጻፍ። ጻፉ። «የፊደሉ መጠን ትንሽ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው አርማ ወደ ግራ ያዘነብላል። ገጹ ቁጥር የለውም።» ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል የለም። ቀጥዬ ደግሞ የአስተያየት ሰጪው ስም እንዳይታይ አደረግሁ፤ ማን እንደጻፈው ካልታወቀ ይደፍራሉ ብዬ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እያንዳንዳቸው ከአስተያየታቸው ሥር ስማቸውን ራሳቸው ጻፉበት። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ «ክፉ የጻፈበት እኔ እንዳልሆንሁ እንዲያውቅልኝ ነው» አሉኝ። ክፉ የጻፈ ሰው ግን ከነአካቴው አልነበረም። የዚያን ቀን ራሴን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ስበሳጭ ሰንብቼ ነው እንግዲህ ከቡድኖቹ አንዱ ድንገት ያስደሰተኝ። ቡድኑ ውስጥ ከአዲ አርቃይ ገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ከመንደሩ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በመንደሩ ሴቶች ከምንጭ ውኃ የመቅዳት ጫና ላይ ነበር፤ አማካሪው እኔ ነኝ። ጽሑፉ ካለፈ በሐምሌ ይመረቃል፤ ካላለፈ እስከ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ ላይ አምስቱም የቡድኑ ልጆች ረጃጅም አስተያየት ጻፉ። «የመረጃ አሰባሰቡ ግልጽ ነው።» «ትንታኔው ከመረጃው ጋር ይጣጣማል።» አሳትሜ የመምህራን ስብሰባ ላይ አሳየሁት። አምስት ሰው ካየው ብዬም መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብቤ ፈረምሁለት። መሐሉን አላነበብሁትም።

ጽሑፉን ባቀረበበት ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዘው ፈታኝ ገጾቹን እያገላበጠ፣ «ስንት ሴት አነጋገርህ?» አለው።

«አባወራዎቹን ነው የጠየቅሁት» አለ ልጁ።

«ስለ ሴቶቹ ውኃ መቅዳት?»

«አዎ። አባወራው ተቀምጦ ሚስቱን መጠየቅ በእኛ አገር ነውር ነው።»

ፈታኙ ልጁን ሳይሆን እኔን አየኝ። ጽሑፉ «የሴቶቹ ጫና በእጅጉ ቀንሷል» ብሎ ይደመድማል፤ ሴት ግን አንዲትም የለችበትም። መረጃውን እንደገና ሰብስቦ በሚቀጥለው ዓመት ያቅርብ ተባለ። ልጁ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ቢሮዬ ገብቼ ሲስተሙን ከፈትሁ። ቀድሞ ሊታየኝ የሚገባውን ያኔ አየሁት፤ አምስቱም አስተያየት ከአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ከሰዓት፣ ተከታትሎ ነው የገባው። ቡድኑን ጠራሁ። የቡድኑ መሪ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ፣ ምንም ሳይደናገጥ አስረዳኝ። ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር የሁሉንም የይለፍ ቃል ተቀብሎ እሱ ሞላላቸው። እነሱ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውት ነበር።

«የጻፉትን ነው ያስገባኸው?» አልሁት።

«ትንሽ ቀለል አድርጌዋለሁ፣ ቲቸር። ሊመረቅ ሁለት ወር የቀረውን ልጅ ማስቀየም ደስ አይልም።»

ከደባርቅ የመጣች፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ ከጥግ ሆና፣ «የእኔ ላይ ሴቶቹን ምነው አልጠየቅሃቸውም የሚል ነበረበት» አለች።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?» አልኋት።

ጫማዋን እያየች፣ «ልነግርዎት መጥቼ ነበር» አለች። «ኮሪደሩ ላይ። የሱን ጽሑፍ በተመለከተ አንድ ነገር ነበረኝ ስልዎት፣ ሲስተሙ ላይ ጻፊው አሉኝ።»

አስታወስሁት። ወደዚያ የመምህራን ስብሰባ እየሮጥሁ ነበር። ያሳተምኋቸውን አስተያየቶች በብብቴ ይዣለሁ። ልጆቹን ሂዱ አልኋቸው።

ለምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀር ያ የአዲ አርቃዩ ልጅ ቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አባቱና እናቱ ምርቃቱን ሊያዩ መጥተው ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። እንደማይመረቅ አልነገራቸውም። «እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔን አፌ እምቢ አለኝ» አለኝ። በባጃጅ ወረድን። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ደረስን።

አባትየው ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እናትየው አዲስ ነጠላ አጣፍታ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ተነሡልኝ። ነገርኋቸው። ስድብም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈልጌውም ነበር። አባትየው ግን፣ «ምነው ልጄ፣ እናንተ ምን አጠፋችሁ? ሸጋ አድርጋችሁ ይዛችሁልኛል። የእሱ ችኮላ ነው» አለ።

«አባቴ፣ እኔ ሳላነብ ነው የፈረምሁለት» አልሁት።

«ተዪ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም።»

ብስጭቴ እስከ አናቴ ወጣ። ይህ ሰው ልጁ አንድ ዓመት የተቃጠለበት ሰው ነው፤ እኔ እንዳይከፋኝ ጥፋቴን ከአፌ ላይ ይቀማኛል። ክፍሌ ብቻ ሳይሆን አገሩ በሙሉ ሰው እንዳይቀየም የተማማለ መሰለኝ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ እስካሁን ቃል ወዳልተነፈሰችው እናት ዞርሁ።

«እናቴ፣ ምንጩ ከቤታችሁ ምን ያህል ይርቃል?»

«ቅርብ ነው» አለ አባትየው በደግነት። «እዚሁ ከታች ነው።»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ፣ «አባዬ፣ እሷን ነው የጠየቋት» አለ። እንዲህ ሲናገረው የመጀመሪያው እንደሆነ ከአባትየው ፊት ያስታውቃል። አባትየው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

እናትየው ባሏን አየች፣ ከዚያ ልጇን። «ጨለማ ሳለ ነው የምወጣ» አለች። «ቁልቁለቱስ ደኅና። ዳገቱ ላይ ጀሪካኑን እያወረድሁ አርፋለሁ። አንተን አርግዤ እዚያው ወድቄ አውቃለሁ።»

«ምነው ነግረሽኝ አታውቂ?» አለ አባትየው። ቁጣ አልነበረውም፤ እንዳዘነ ሰው ነው የጠየቃት።

እሷም ቀስ ብላ መለሰችለት፤ «ይኸ ልጅ በወረቀቱ ሲጠይቅህ እኔ ጓዳ ነበርሁ። ቅርብ ነው ስትለው ሰምቻለሁ።»