አቶ ይቆይ ሰም ሲመርጥ

የመዝገብ ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን አቶ ይቆይ ይለዋል። ቅጽሉን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት፤ ያወጣችውም በቁልምጫ አይደለም። ከተጋቡ ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይሄው ነበር። አዲሱ ሶፋ ሲገባ «ላስቲኩ አይነሣ፣ ይቆይ» አለ፤ ስንቱ እንግዳ ላስቲክ ላይ እየተንሸራተተና እያላበው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ጥሩዎቹ ብርጭቆዎች ከቁም ሣጥኑ ሊወርዱ ሲሉ «ይቆዩ» አለ፤ አንድ ልጃቸው ተድራ ስትወጣ እንኳ አልወረዱም። ለክት ብሎ የገዛው ጥቁር ጫማ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ሶሉ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ያን ቀን ያዘነው ለጫማው ነው፤ እግሩ ትዝ አላለውም።

ሥራው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት መቆጣጠር ነበር። መዳፉን በጠረጴዛ ገጽ ላይ ቀስ አድርጎ ይስብና፣ ሌላ ሰው የማያገኛት ሸካራ ነገር ሲያገኝ ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ «ይመለስ» ይላል። አናጺዎቹ ገና ኮቴውን ሲሰሙ የብርጭቆ ወረቀታቸውን ያነሱ ነበር። ጠረጴዛ ሰው ከብቦት የሚበላበት ነገር መሆኑን ከነጭራሹ የረሳ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው የሚያንጸባርቅ ዋንጫ ሸለመው፤ ዋንጫውም እስካሁን ከነላስቲኩ ነው።

ሚስትየው የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። የሚያስመልሰውን፣ የሚደባደበውን፣ መስኮት ላይ ማስቲካ የሚለጥፈውን ሁሉ ጭና ዕድሜዋን ጨርሳለች። አውቶቡሷ በየቀኑ ትቆሽሻለች፣ በየቀኑም ትደርሳለች። መኪና ማለት ለእሷ ሰው ማድረሻ ነው፤ ጭረት ደግሞ መንገድ የሄደ ሁሉ የሚያገኘው ነገር። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት ተጋቡ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እሷም ራሷ መልሱን ፈልጋ አጥታዋለች።

ሁለቱም ጡረታ እንደወጡ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ላይ ያረጀ ትልቅ መኪና ገዙ፤ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው። ጎረቤት ሁሉ «የቤት መኪና ገዙ» ሲል ባልየው ይናደዳል። «የቤት መኪናማ ማንም አለው፤ ይሄ ቤት የሆነ መኪና ነው» ብሎ ያርማል። ሚስትየው ግን ልቧ ያረፈው አልጋው ላይ ብቻ ነበር። ታላቅ እህቷ፣ እትዬ የምትላት፣ ሩቅ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብዙ መቀመጥ አትችልም፤ አውቶቡስ የማይታሰብ ነው። የክፍሏ መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እዚህ እነሱ ጋ መጥታ እንድትኖር ከተስማሙ ቆይተዋል። እትዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መስኮት አጠገብ አስተኚኝና መንገዱን እያየሁ ልምጣ» ነበር ያለችው።

መኪናው ግቢ ገብቶ ገና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አቶ ይቆይ መዳፉን በግድግዳው ላይ ሳበ። ግድግዳው ፋይበር ነው፤ ፀሐይ በልቶት እጁ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ሰውየው ደስ አለው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደስ አለው። ከጡረታ በኋላ የሚመልሰው ነገር አጥቶ ነበርና።

«እንዲህ ሆኖማ መንገድ አይወጣም» አለ። «ፖሊሽ ይፈልጋል፣ ከዚያ ሰም። ይቆይ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ፖሊሽ ይፍቃል፣ ሰም ያለብሳል። ፀሐይ የበላውን ገጽ ፖሊሹ በስሱ ልጦ ያነሳዋል፤ ሰሙ ከላይ ሆኖ ዝናብና አቧራ ይመክታል። ይሄን ለመረዳት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይበቃል። አቶ ይቆይ ግን ሰም መምረጥ ሚስት ከመምረጥ የከበደ ነገር አደረገው፤ ሚስቱን እንኳ ቶሎ ነበር የመረጣት። ጠጣር ሰም አለ በቆርቆሮ፣ ፈሳሽ አለ በጠርሙስ፣ የሚረጭ አለ። የመኪና ማሳመሪያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ አንዱን ያሸታል፣ ሌላውን በጣቶቹ መካከል ያሻል፣ ደግሞ መልሶ የመጀመሪያውን ያሸታል። ባለሱቁ ስለ ሰም የሚያውቀው ደንበኛው ያነሳው ሁሉ ተወዳዳሪ የሌለው መሆኑን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝንብ ያንሸራትታል።»

«ያኛውስ?»

«ያኛውማ ዝንቡን ጭራሽ አያስጠጋውም።»

እንዲህ ከሚል ሰው ላይ ነው አቶ ይቆይ ከየዓይነቱ ገዝቶ የተመለሰው። የመኪናውን የኋላ ግድግዳ በወረቀት ፕላስተር ካሬ ካሬ አድርጎ ከፋፈለና በእያንዳንዱ ውስጥ የተለያየ ሰም ቀባ። ከዚያ በየጠዋቱ በጣሳ ውሃ ያፈስና ቁጢጥ ብሎ ጠብታ ያያል። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ሰሙ ይዟል፤ ከተንጣለለ ለቋል። ሽማግሌ ሰው፣ ቁርሱን ሳይቀምስ፣ የውሃ ጠብታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል።

«ነይ እስኪ እይው፣ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደቆመ።»

«አየሁት» ትለዋለች። «እኛም እንደሱ ቆመናል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በሩ እንዳይከፈት፣ አቧራ ይገባል። መስኮቱ እንዳይነካ፣ የጣት አሻራ ይይዛል። እሷማ መሪውን እንዳትይዝ ከተከለከለች ሰንብታለች፤ የግቢው በር ጠባብ ነው፣ ትጭሪዋለሽ ተባለች። ዕድሜ ልኳን አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት እንዲህ የምትባለው። አንጀቷ አረረ፤ ግን ታገሠች። ዛሬ ነገ ይጨርሳል ብላ ነው።

እትዬ በየሳምንቱ ትደውላለች።

«እህት ዓለም፣ ምን ላይ ደረሳችሁ?»

«ሰም ላይ።»

«የሻማ ሰም?»

«ለመኪናው ነው እትዬ፣ የሚቀባ።»

«ምነው፣ ሰርግ አለባት እንዴ?»

ሁለቱም ይስቃሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ታናሽየዋ ወጥታ የቆመውን መኪና ታያለች። ዝናብ መጣና ባልየው «በእርጥብ ላይ ሰም አይይዝም፣ ይቆይ» አለ። ዝናቡ ሄዶ ፀሐይ ወጣች። «በዚህ ሙቀት ሰሙ ሳይሠራጭ ይደርቃል፣ ይቆይ» አለ። ለእሱ ሰም የሚስማማ አየር በዚህ ዓለም ላይ አልተፈጠረም።

በመጨረሻ በደመናማ ቀን የግራውን ጎን ጨረሰው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ መንገደኛ ቆሞ ፀጉሩን ያስተካክልበታል። ችግሩ የመጣው መስኮቶቹ ጋ ነው። ከግድግዳው እኩል ካላበሩ አይሆንም ብሎ ሱቅ ሄደና ከሁሉ የበረታውን፣ ወፈር ያለውን የመፈቅፈቂያ ፖሊሽ አነሳ። ባለሱቁ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቁም ነገር ጠየቀው።

«ፕላስቲክ ነገር የለበትም አይደል ጋሼ? ይሄ ፕላስቲክ አይወድም።»

«ፋይበርና መስታወት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለ አቶ ይቆይ አፉን ሞልቶ።

መቼም መስኮት ላይ የተገጠመና ወደ ውጭ የሚያሳይ ነገር ሁሉ መስታወት ነው የሚባለው፤ ከምን ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሚስትየውም ስትጠራው መስታወት ነበር የምትለው፤ ግን እሷ ዕድሜዋን በጥራት ተቆጣጣሪነት አልበላችም። ያ የሰው ጠረጴዛ ሲመልስ የኖረ መዳፍ፣ ቀዝቃዛውን መስታወት ከማይቀዘቅዘው ፕላስቲክ አለየም። ፖሊሹን ቀብቶ ፈገፈገ። መስኮቱ ደፈረሰ። ያልተጠረገ ፖሊሽ መስሎት አብዝቶ ፈገፈገ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ትልቁን ጨርሶ ወደ ምድጃው መስኮት ተሻገረ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ሁሉም ወተት የተደፋባቸው መሰሉ። ቆይቶ በጥፍሩ መታ ሲያደርገው የመስታወት ድምፅ አልሰጠም። አመዱ ቡን አለ።

ሚስትየው ደርሳ ስታይ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥላ እንጂ ሌላ አይታይም። ደህና የቀረው የሾፌሩ ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ገና አልደረሰም ነበር።

«አዲስ አዝዣለሁ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ከውጭ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ይቆይ።»

በዚያው ቀን እትዬ ደወለች። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ፊት ለፊት ያለው የጎረቤት ግድግዳ ቀለም እየተቀባ መሆኑን ነገረቻት፣ አረንጓዴ ነው አለች፣ ከዚያ ደህና ሁኚ ብላ ዘጋች። ምን ላይ ደረሳችሁ አላለችም። ታናሽየዋ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ደግማ እንደማትጠይቃት ገባት። ከዚያ ደሟ ፈላ።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ከተሰቀለበት አነሳች። ባልየው መኪናው ላይ ያለበሰውን ሸራ ገፈፈች፣ የኋላውን የወረቀት ፕላስተር ሳታነሳው የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። ባልየው የመወልወያ ጨርቁን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«ወዴት ነው?»

«እትዬ ጋ።»

«ቀኝ ጎኑን እኮ ሰም አልነካውም!»

«በግራ በኩል ታየዋለች።»

«መስታወቱስ?»

«የፊቱ ደህና ነው። እኔ የምነዳው በፊቱ ነው።»

ዘሎ የገባው ለእትዬ አስቦ አይደለም፤ የግቢውን በር ስታልፍ አጠገቧ ሆኖ ለማልቀስ ነው። በሩን አልነካችውም። የሰፈሩ ዛፍ ግን ቅርንጫፉን በመኪናው ግራ ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው፤ አቶ ይቆይ ጎኑን እንደተወጋ ሰው አቃሰተ። እሷ ሬዲዮውን ከፈተች።

እትዬ ከተማ ሲደርሱ ጎረቤቶቿ በወንበር ተሸክመው አወረዷት። በጣም ቀልላ ነበር፤ ቀሚሷ እንጂ ሰውነቷ አይታይም። መኪናውን ከላይ እስከ ታች አየችና «ሰርግ ያለባት ይቺ ናት?» አለች። አልጋው ላይ አስተኟት፣ ትራስ ደገፏት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከተማውን እስኪወጡ ወደ ውጭ አየች።

«ውጭው ጭጋግ ነው?» አለች በመጨረሻ።

አቶ ይቆይ አጠገቧ ተቀምጦ ጨርቁን በጉልበቱ ላይ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«ንገራት» አለች ሚስቱ ከፊት።

«መስታወቱ…» አለ፤ «ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ።»

እትዬ አልገባትም። ሚስትየው መሪውን እንደያዘች ድምጿን ከፍ አደረገች። «ክፈትላት።»

መስኮቱ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፤ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ሁለት እጁን ተጠቅሞ አላቀቀው። መጀመሪያ ነፋሱ ገባ፣ ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያ ማሳው፣ ከብቶቹ፣ ልብስ የሚያሰጡ ሰዎች። እትዬ በክርኗ ከፍ አለች። አንድ የጭነት መኪና በጎናቸው አልፎ አቧራውን ሁሉ ወደ ውስጥ ደፋው፤ አንሶላው፣ ምድጃው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ሰውየውም ራሱ ዱቄት ለበሱ። እያሳለ ተነሳና ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«ይቆይ» አለች እትዬ።

ባልየው እጁ መስኮቱ ላይ እንዳለ ዞር ብሎ አያት።

«እንዲሁ ይቆይ» አለች፣ ዓይኗን ከውጭው ሳታነሳ።

እጁን መልሶ ተቀመጠ። ሚስትየው በኋላ ማያው መስታወት አየችው፤ ቅንድቡ ላይ አቧራ ይዞ፣ ጨርቁን ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶት ተቀምጧል። ትንሽ እንኳ አላሳዘናትም። ከፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ አንዱ አስፋልት፣ አንዱ ኮረኮንች። ሐይቅ እያሳየ የሚሄደው ኮረኮንቹ ነው። ፍሬቻውን አብርታ ወደ ኮረኮንቹ ታጠፈች።