ሙዳይ ውስጥ ያደረ ወሬ

ጌዶ ከተማ ውስጥ፣ ከነቀምት መንገድ በላይ ባለው ትምህርት ቤት፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ጣቢታ ነጋሳ ትምህርት የምትጀምረው በወሬ ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ስም ጠርተው፣ ጥፍር አይተው ጠመኔ ያነሣሉ። እሷ ግን ክዳን ያላትን ትንሽ የአክርማ ሙዳይ ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጥና «ዛሬ ተረኛው ማነው?» ትላለች። ተረኛው ይወጣና ቤቱ በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን አንድ ነገር ይናገራል፤ ሲጨርስ ሙዳይዋን ከድኖ ይመለሳል። ክዳኑ ከተገጠመ ወዲያ ያ ወሬ እዚያው ያድራል፤ ከበር አይወጣም። ሕጉ ይኸው ነው።

ይህን ዘዴ ያመጣላት ችግር ነው። ሰባ የሚጠጉ ሕፃናት አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው፣ በአንድ ላይ ሲጠየቁ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይመልሳሉ፤ አንዱ ለብቻው ሲነሣ ግን አፉ ይታሰራል። ልጅ የራሱን ቤት ነገር ለመናገር አያፍርም፣ አፉ ከተፈታ ማንበቡም ይከተላል ብላ አሰበች። እውነትም ተፈታ።

«ቲቸር፣ አያቴ ጥርሷን ብርጭቆ ውስጥ ረስታው ለቅሶ ሄደች» ይላል አንዱ።

«አባዬ ትናንት ጫማውን አቅፎ ተኛ» ትላለች ሌላዋ።

ሞቲ የሚባለው የሥጋ ቤት ልጅማ ተራው ሳይደርስ ዘሎ እየተነሣ «እኔም አለኝ! እኔም አለኝ!» ይላል።

«አንተማ ሬዲዮ ነህ፤ ባትሪህ እስኪያልቅ ቁጭ በል» ትለዋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል።

ሃዋኒ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አባቷ ፍሮምሳ ከወለጋ በቆሎ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ተራዋ ደርሶ «ወንድም ተወለደልኝ፤ እግሩ የኔን አውራ ጣት ያክላል» ብላ ተናግራ፣ ክዳኑን ገጥማ እየዘለለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ተራዋ ሲመጣ «ዛሬ የለኝም» ማለት አመጣች። እርሳሷን ትነክሳለች፤ በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ ታያለች። ጣቢታ ይህን አይታለች፤ ለሕፃኑ ቦታ ስለለቀቀች ከፍቷት ነው፣ ያልፋል ብላ ተወችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሃዋኒ ሳትጠራ ተነሥታ ወጣች።

«አባቴ ሞቷል» አለች። ድምፅዋ ከመጽሐፍ የምታነብ ያስመስላት ነበር። «መኪናው ገደል ገባ። ካቺሲ፣ አያቶቼ ጋ ቀበሩት። እማዬ አታውቅም። ወንድሜ ክርስትና እስኪነሣ አይነገራትም። እኔን ተኝታለች ብለው ሲያወሩ ሰማሁ።»

ይህን ብላ እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች።

መርዶ እንዲያው አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ፣ ሽማግሌ ይናገራል፤ የሚነገረው ሰው ወድቆ እንዳይጎዳ ክንዱን የሚይዙት ሰዎች አስቀድመው ይመደባሉ። ለአራስማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን አስተካክሎ እየገባ እናትየውን «ወለጋ ኔትወርክ ጠፍቷል» ሲላት ሰንብቷል። ኔትወርክ ደግሞ በዚያ ዘመን ስለሚጠፋ ታምናለች።

ጣቢታ ደነገጠች። ከልጅቱ እጅ ቀድማ ክዳኑን ገጠመችውና «ቁጭ በይ» አለቻት። ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞራ ፊደል መጻፍ ስትጀምር ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ።

ቀትር ላይ እነዚህ ሁሉ አፎች በየሰፈሩ ይበተናሉ። እናትየው ከመንገድ ትሰማዋለች። ከዚያ የባሰው ደግሞ «እናቷ ላይ መርዶ ያፈረጠች» የሚለው ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ ልጅቱ ስትዳርም ስትወልድም አይለቃትም። መደበቁንም ጣቢታ ራሷ ቀምሳዋለች። አምቦ ኮሌጅ ሳለች አባቷ ሲሞት ፈተና እስኪያልቅ ደብቀዋት ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ እያወቁ እሷ ብቻ ስትስቅ መክረሟን ስታስበው ዛሬም ፊቷ ይግላል።

ልጆቹን ከማሰናበቷ በፊት በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ሙዳይዋ ውስጥ የገባው ምን ይሆናል?»

«እዚያው ያድራል!»

«ከበር?»

«አይወጣም!»

ሞቲ ጣቱን አነሣ። «ቲቸር፣ እማዬ ዓይኔን አይታ ብታውቅብኝስ?»

«ዓይንህን ጨፍነህ ምሳህን ብላ።»

የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እህል በረንዳ ሄደች። የሟቹ ታላቅ ወንድም ኦቦ ቀጀላ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ጆንያ ይሰፋሉ።

«አከም ኦልተኒ፣ ኦቦ ቀጀላ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አለቻቸው። «ሃዋኒ ታውቃለች።»

«ምኑን?»

«የአባቷን።»

ሰውዬው መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክተው ቀና አሉ። «ማን ነገራት?»

«እናንተው። ተኝታለች ብላችሁ ስታወሩ።»

«እሷስ ለማን ነገረች? ለአንቺ?»

«ለክፍሉ።»

«ለክፍሉ! ፊደል ይቆጥራሉ ብለን ብንልክ ወሬ ነው እንዴ የምታስቆጥሪያቸው? የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ። አንቺ ግን ልጅ አይደለሽም።»

«ልክ ነዎት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በኔው ይሁን። አስተማሪዋ ሰምታ መደበቅ አልሆነላትም ይበሉ። የሃዋኒ ስም ግን እንዳይነሣ። ይማሉልኝ።»

ኦቦ ቀጀላ መዳፋቸውን ዘረጉላት። «ወንድሜን አፈር ያለበስኩበት እጅ ይኸው። ከኔ አፍ አይወጣም። ነገ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን።»

በማግስቱ ያካፋ ነበር። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሳል እንኳ አፍነው ደረሱ። የሃዋኒ እናት ደብሪቱ ልጇን እያጠባች ነበር። የብዙ ሰው ኮቴ ያለ ድምፅ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችና በሩን ከፍተው የገቡትን የባሏን ወንድም አየቻቸው።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለች። «ለምን ይቆማሉ? ከተቀመጡ እኮ ሌላ ጉዳይ ነው።»

አልተቀመጡም፤ መርዶ የያዘ ሰው አይቀመጥም። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ያዟት፤ አንዷ ሕፃኑን ተቀበለች። ጩኸቱ ሲነሣ ዝናቡ አልተሰማም።

ጣቢታ ደጃፉ ላይ በሰው ተጣብቃ ቆማለች። ሃዋኒ በጓዳው በኩል ግድግዳ ተደግፋ ጀሪካን አቅፋ ትታያታለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ለሷ የተመደበ ሰው አልነበረም። ጣቢታ ጥሳ ልትሄድ እግሯን አነሣች፤ ደግሞ አስተማሪዋ ምን አገባት እንዳይባል ፈርታ መለሰችው።

ኦቦ ቀጀላ ቃላቸውን ጠበቁ። ልጆቹም ጠበቁ፤ ሞቲ እንኳ ምሳውን ሲበላ ዓይኑን ጨፍኖ እናቱን አስደንግጧት ኖሯል። አፉን ያልጠበቀው ትልቅ ሰው ነው። የኦቦ ቀጀላ ሚስት አዴ ጉዴ የባሏንና የአስተማሪዋን ንግግር ከመጋዘኑ ውስጥ ሰምታ ነበርና፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ «ልጅቱ ትምህርት ቤት ባትዘረግፈው ኖሮ እስከ ክርስትናው እንይዘው ነበር» አለች። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ መባሉ ይበቃል። ብዙም ሳይቆይ ቦኖ ውሃ ላይ ወረፋ የያዙ ልጃገረዶች ሃዋኒ ስትመጣ «መርዶ መጣች» እያሉ ጀሪካናቸውን መሳብ ጀመሩ። ሃዋኒ ትምህርት ቤት ቀረች። ርዕሰ መምህሩም ጣቢታን ጠርተው «ያቺን ሙዳይ አንሺያት» አሏት። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረቻት።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ጣቢታ ደብሪቱ ቤት ሄደች። ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሃዋኒ ውጭ የሕፃኑን ጨርቅ ታሰጣለች።

«ልጅቱን ልትቆጪልኝ ነው የመጣሽው፣ ቲቸር?»

«አይ፣ አዴ ደብሪቱ። ትምህርት ቤት ልወስዳት ነው።»

ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። «ሰው ሁሉ ልጅሽ አፈረጠችው ይለኛል። እኔ ስለ ማፍረጧ አይደለም የሚቆጨኝ። አጥሚቴን ስታቀብለኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር። ቅናት መስሎኝ ተቆጣኋት። በቁንጥጫ ሁሉ... እኔን ሲነግሩኝ ስንት ሴት ነው የያዘኝ። እሷን ማን ያዛት?»

ያን ማክሰኞ ክፍሉ ውስጥ ልጅቱ አጠገብ የነበረው ትልቅ ሰው ጣቢታ ብቻ ነበረች፤ ያለቻትም «ቁጭ በይ» ነው።

ሰኞ ዕለት ሃዋኒ ጸጉሯን ተላጭታ፣ የእናቷን ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ መጣች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ጣቢታ ስም መጥራት ስትጀምር ሃዋኒ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሙዳይዋ የት ናት?»

«ቁም ሣጥኑ ላይ።»

«የኔ ወሬ አሁንም ውስጧ አለ?»

«ምን ልታደርጊው ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ?»

«አውጪልኝና ሌላ ልክተት። አባቴ ከወለጋ መጣ የሚል።»

ጣቢታ ወንበር ላይ ወጥታ ሙዳይዋን አወረደች፤ አቧራዋን በቀሚሷ ጠርጋ ልጅቱ ፊት ከፈተቻት። ሃዋኒ እጇን እስከ አንጓዋ ከትታ ታችዋን ዳሰሰች።

«የለም» አለች።

«የለም።»

በዚህ ጊዜ ጣቢታ ያን ማክሰኞ ማድረግ የነበረባትን አደረገች። መሬት ላይ ተንበርክካ የልጅቱን ሁለት ክንዶች፣ መርዶ የሚነገረው ሰው እንደሚያዝ አጥብቃ ያዘች። እንደ ሽማግሌም ስሟን ከነአባቷ ጠራች።

«ሃዋኒ ፍሮምሳ፣ አባትሽ ሞቷል።»

ልጅቱ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ግን አልወደቀችም፤ ተይዛለች። ያን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የቆየው ለቅሶ ወጣ፤ የሕፃን ለቅሶ አይመስልም ነበር። ሞቲ ማንም ሳያዘው ከመቀመጫው ወርዶ የሻርፗን ጫፍ ጨብጦ አጠገቧ ቆመ።

ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ሙዳይዋ አፏን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። አዩዋት፤ ልጅቱንም አዩ። ለመናገር ከፍተውት የነበረውን አፋቸውን ገጠሙና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።